ቅጠል ያልነከሰው ኡበይድ

ጥቅምት 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሐሙስ። በሐይቅ ከተማ በአንዲት የኪራይ ቤት መስኮት ላይ፣ በማር የተለወሰ ጥቁር አዝሙድ ያለባት የማርማላታ ጠርሙስ ነበረች። ግማሿ ገና አልተነካም፤ ማንኪያው እንደተሰካባት ነው። ጠርሙሷን የጀመራት ኡበይድ የሚባል የባጃጅ ሾፌር ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ሚስቱ ሂዳያ ከወራት በኋላ ከስደት ስትመለስ በሩ ተገንጥሎ፣ ፍራሹና የስፌት መኪናዋ ተወስደው አገኘች። ጠርሙሷ ግን ካለችበት ፈቀቅ አላለችም። ዘራፊው አሽትቶ፣ ምንነቷን ስላላወቀ ሳይፈራት አልቀረም። ሂዳያም ብትሆን በዚያ ቤት ስለገባው መድኃኒት ሁሉን አውቃለሁ አትልም።

ኡበይድ የአምባሰል ልጅ ነው። አባቱ ሙሐዲን ገበሬ ነበሩ፤ እሱ ግን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ የከባድ መኪና ረዳት ሆነ። ከኮምቦልቻ ተነስቶ ሚሌን አልፎ እስከ ጅቡቲ፣ ጎማ እየፈታ፣ ሸራ እያሰረ፣ ሾፌሩን እንቅልፍ እንዳይጥለው እያጫወተ ወጣትነቱን በዚያ መንገድ ላይ ጨረሰ። ማጨስ የለመደውም እዚያው ነው። ወሎ ውስጥ ጫት የሚቅም ሰው አይደበቅም፤ ሐሺሽ የሚያጨስ ግን ከጫቱ ጀርባ ይደበቃል። ኡበይድም ብዙ ዓመት እንደዚያ ተደብቆ ኖረ።

በ2010 ለውጡ ሲመጣ፣ ሁሉም ሰው አዲስ ነገር እጀምራለሁ በሚልበት ወራት፣ እሱም የጭነት መኪናውን ትቶ ሐይቅ ገባ። ከአጎቱ ጋር ሆኖ አሮጌ ባጃጅ ገዛ። በዓመቱ ሂዳያን አገባ። ሂዳያ ከመስጊዱ አጠገብ ልብስ ትሰፋለች። አንድ ቀን አሳፍሯት ሲሄድ፣ «እህትየ፣ መሀል ላይ ተቀመጭ እንጂ፤ ባጃጇ ወዳንቺ አደላች» አላት። «ሾፌሩ ካላደላ ምን ቸገረኝ» አለችው። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ጨዋታ ያውቃል። አምባሰልን በፉጨት ሲያዜም ተሳፋሪው መውረጃውን ይረሳል። እርጉዝ ሴት የጫነ ቀን ደግሞ ጉድጓዱን አንድ በአንድ እየለየ፣ ከእግረኛ እኩል ይነዳል።

የራሱ ቤት ግን ልጅ ሳይመጣበት ዝም አለ። አንድ ዓመት አለፈ፤ ሁለተኛውም ተከተለ። በዚህ ጊዜ ባልና ሚስቱ እርስ በርስ በጥርጣሬ መጠባበቅ ጀመሩ። ኡበይድ ሚስቱ ጤና ጣቢያ ሄዳ ተደብቃ የወሊድ መከላከያ መርፌ ትወጋለች ብሎ ጠረጠረ። የክንዷን መርፌ ምልክት ተኝታ ሳለ ሲፈልግ ነቅታ ይዛዋለች። ሂዳያ ደግሞ ጠረን አትስትም። ማታ ሲገባ ከጃኬቱ ላይ የተቃጠለ ገመድ የመሰለ ሽታ ይመጣባታል።

«ይሄ ምን ሽታ ነው?»

«ጋራዥ ነበርኩ። የሞተር ቀበቶ ተቃጥሎ ነው።»

«የባጃጇ ቀበቶ በየሳምንቱ ነው እንዴ የሚቃጠለው?»

«አሮጌ ናት አላልኩሽም?»

አመነችው ማለት አይቻልም። ዝም አለችው ማለት ይሻላል።

ከዚህ መጠባበቅ ያወጣቸው ኢንሳፍ ናት፤ የኡበይድ ታናሽ እህት። ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ተምራ፣ ሥራ ስታጣ ደሴ በአንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል የገባች ልጅ ናት። ነገር ሲዛነፍ አትወድም። በነሐሴ 2013 ሁለቱንም አስጠርታ፣ «በሐሜት አይሆንም። የሁለታችሁም ካርድ ይወጣል፤ ሁለታችሁም ትመረመራላችሁ» አለች። ኡበይድ ለወንድ የሚደረገው ምርመራ ምን እንደሆነ ሲነገረው ጆሮው ድረስ ቀላ። ቢሆንም ተመረመረ።

ሂዳያ ደህና ናት ተባለች። የኡበይድ ዘር ግን ቁጥሩ ያነሰ፣ እንቅስቃሴውም የደከመ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ወረቀቱን እያየ፣ «ታጨሳለህ? ሲጋራም ሆነ ሐሺሽ?» ብሎ ጠየቀው። ኡበይድ ሚስቱን በጎን አየና፣ «ኧረ እኔ! ጫት ብቻ ነው» አለ።

ደጅ ሲወጡ ኢንሳፍ አስቆመችው። «ወንድምየ፣ ለሐኪሙ ዋሸኸው። ለእኔ ደግሞ ምን ልትል ነው?»

ኡበይድ ሂዳያን አየ። ሂዳያ ወደ መንገዱ ዞራ የማትሰማ መሰለች።

«አልፎ አልፎ» አለ።

«አልፎ አልፎ የሚባል መጠን አላውቅም» አለች ኢንሳፍ። ከዚያ የተማረችውንም ያነበበችውንም ሰብስባ፣ ለባጃጅ ሾፌር በሚገባው ቋንቋ አስረዳችው። የሐሺሽ ጢስ ሰውነት ውስጥ እንደ ዝገት ያለ ነገር ያበዛል፤ የወንድ ዘር ደግሞ ለዚያ ዝገት ስስ ነው። በአንዳንድ ተክል ውስጥ ይህን ዝገት የሚከላከል ንጥረ ነገር አለ ብለው ተመራማሪዎች አይጦች ላይ ሞክረው፣ ጉዳቱ ቀንሶ ያገኙበት ጊዜ አለ። ከሚሞከሩት አንዱ ጥቁር አዝሙድ ነው።

ኡበይድ ፊቱ በራ። «ሐበተ ሰውዳ! ከሞት በቀር ለሁሉም ይሆናል ይሉት የለ!»

«ለውሸትም ይሆናል?» አለች ኢንሳፍ። «ስማኝ። አይጥ ነው ያልኩህ፤ ሰው አላልኩም። ግሪስ እየቀባህ ባጃጇን ዝናብ ላይ ብታሳድራት ምን ትሆናለች? መጀመሪያ ማጨሱን ተው። አዲስ ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። ኅዳር ላይ ትመለስና እናየዋለን።»

የማርማላታዋ ጠርሙስ ሥራ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። ሂዳያ አዝሙዱን ወቅጣ በማር ትለውሳለች፤ ስታልቅ እንደገና ትሞላታለች፤ ኡበይድ ጠዋት ጠዋት በማንኪያ ይውጣል። የገመዱ ሽታ ጠፋ። ይሁንና ሂዳያ ጃኬቱን ማሽተቷን አልተወችም። ሽታው የጠፋው ማጨሱን ትቶ ይሁን ጃኬቱን አውልቆ እያጨሰ ይሁን በምን ታውቃለች?

ጦርነቱ እየቀረበ ሄደ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ አንዴ እየመጣ አንዴ እየሄደ አስቸገረ፣ ትምህርት ቤቶቹን ከሰሜን በኩል የመጣ ተፈናቃይ ሞላቸው። በየመውጫው ኬላ ቆመ። ፀጉረ ልውጥ የሚባል ቃል ከሰላምታ በላይ ይነገር ጀመር። ኅዳር ሩቅ ሆነ። ደሴ ድረስ ሄዶ መመርመርም የማይታሰብ መሰለ። ኡበይድ በዚህ መሀል ተቻኮለ።

ከተፈናቃዮቹ መካከል የአምባሰሏ መድኃኒት አዋቂ እማማ ኡሙሰልማ ነበሩ። ከቤታቸው ያወጡት የመድኃኒት ቋጠሯቸውን ብቻ ነው። ከኬላው ወዲያ፣ ሐይቁ ዳር፣ ዘመዳቸው ቤት አርፈዋል። የኡበይድን አባት ያውቋቸው ነበርና ችግሩን ሲነግራቸው ደርቆ የተፈጨ ቅጠል በጨርቅ ቋጥረው እንደሚሰጡት ቃል ገቡለት። የቅጠሉን ስም ግን አይናገሩም። ሥርዓቱም እንደ ጥንቱ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ይመጣል፣ በእጁ ይዞ ይመለሳል፣ የቤቱን ደፍ እስኪሻገር ከማንም ጋር አይናገርም፣ ሰላምታም አይመልስም። ከተናገረ መድኃኒቱ ይረክሳል።

በዚያ አገር ይህን ሥርዓት የማያውቅ የለም። ለዚህም ነው መድኃኒት የያዘ ሰው እርጥብ ቅጠል በጥርሱ ነክሶ የሚሄደው። ያየው ሁሉ፣ «ዝም በሉት፣ መድኃኒት ይዟል» ብሎ መንገድ ይለቅለታል። ግን ደግሞ ቅጠል የነከሰ ሰው ካለፈ ከኋላው ጥያቄ ይከተለዋል። ማን ታሞበት ይሆን? ምን ሆነው ይሆን? ኡበይድ ዝምታውን ፈለገ፤ ጥያቄውን ፈራ። ያለ ቅጠል ሄደ።

መጀመሪያ የሄደ ቀን ሂዳያ በመስኮት አየችው። እጁን ከጋቢው ሥር ሸሽጎ፣ ሙጂባ የምትባለው ጎረቤታቸው «እንዴት አደርክ?» ስትለው እንዳልሰማ አልፏት መጣ። ደፉን እንደተሻገረ ግን፣ «አሰላሙ አለይኩም፣ የቤቴ እመቤት!» ብሎ ሳቀ። የት እንደነበር አልነገራትም። ከወጣ በኋላ ስትፈልግ ቋጠሮውን ከጣሪያው ሥር አገኘችው። ፈትታ አሸተተችው። የገመዱ ሽታ የለውም። የምታውቀው ቅጠልም አይደለም። መልሳ ቋጠረችና ባገኘችበት ሸጎጠችው። ያን ቀን ሙሉ ስትሰፋ የዋለችው እጅጌ ማታ ስታየው ተገልብጦ ነበር።

ሁለተኛውን ቋጠሮ ሊያመጣ የሄደ ዕለት፣ ሰኞ፣ ፀሐይ ገና ሳትሞቅ ሙጂባ በሩን ደበደበችው።

«ሂዳያ! ውጪ! ባልሽን ኬላ ላይ ይዘውታል!»

«ምን አደረገ?»

«ምንም አላደረገም። አልናገርም ብሎ ነው!»

ሂዳያ ሻሿን በእጇ እንደያዘች ሮጠች። ኬላው ላይ ኡበይድ ቆሟል። ቀኝ እጁ ተጨብጧል፤ ከንፈሩ ገጥሟል። ከፊቱ ሁለት ጠባቂዎች ነበሩ። አንዱ ከሌላ አካባቢ የመጣ ነው፤ ማንንም አያውቅም። ሁለተኛው ሀሚዱ ነው፤ የሰፈሩ አናጺ፣ በጦርነቱ ጊዜ ጥበቃ የተመደበ። የነሂዳያን አልጋ የሠራው እሱ ነው።

«ሀሚዱ! ኡበይድን አታውቀውም?»

«እሱ ነው እኔን የማያውቀኝ!» አለ ሀሚዱ በንዴት። «አሰላሙ አለይኩም አልኩት፤ ዝም። ደገምኩት፤ ዝም። ሰላምታ የማይመልስ ሙስሊም በዚህ ጊዜ ምን ብየ ልመነው? መድኃኒት ይዞ ነው እንዳልል ቅጠል አልነከሰም። ጅቡቲ መንገድ ላይ ስንት ዓመት ሲኖር ከማን ጋር እንደዋለ ማን ያውቃል?»

ሌላኛው ጠባቂ የኡበይድን ጣቶች አላቆ ቋጠሮውን ፈታው። በውኃ መቅጃው መንገድ የሚያልፉ ሴቶች ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ቆሙ።

«ይሄማ ሐሺሽ ነው» አለ ሰውየው። «ለማን ልታደርስ ነው? ተናገር እንጂ!»

ኡበይድ ሂዳያን አያት። ያኔ ገባት፤ የተጨበጠው እጅ፣ የተዘጋው አፍ፣ በጥርሱ መሀል የሌለው ቅጠል። መድኃኒት ነው። ወይም መድኃኒት ነው ተብሎ የተሰጠው ነገር። እርግጠኛ አልነበረችም። እውነቱን ብትናገር እነዚህ ሴቶች ከጀሪካናቸው ጋር ወሬውን ይዘውት ይገባሉ፤ ኡበይድም ከዚያ በኋላ በዚህ ከተማ ቀና ብሎ ባጃጅ አይነዳም። ዝም ብትል ሊወስዱት ነው። በዚያ ሰሞን የተወሰደ ሰው ወዴት እንደደረሰ ጠይቆ መልስ ያገኘ አላየችም።

«የኔ ነው» አለች። «መድኃኒት ነው። ለእኔ ነው የሚያመጣልኝ። መውለድ እምቢ ያለኝ እኔ ነኝ። ሰው እንዳያውቅብኝ ቅጠል አትንከስ ያልኩትም እኔው ነኝ።»

ከሴቶቹ አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። ሀሚዱ አንገቱን ደፋ። «እህትየ... አላህ ይስጥሽ። ምነው ቀድመሽ ብትነግሪን» አለ። ቋጠሮውን ራሱ አስሮ በኡበይድ እጅ መለሰለት።

ኡበይድ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ወደ ቤት ሲሄዱ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ነበሩ። መድኃኒት ቢረክስ ሌላ ይቋጠራል። «እሷ አይደለችም» ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? ሂዳያ የባሏን ጀርባ እያየች ይህንኑ ስታመላልስ ደጃፋቸው ደረሱ። ደፉን ተሻገረ።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ ቀስ ብሎ።

«አሁን መናገር ትችላለህ» አለችው። «ተናገር። ዝም ያልከው መድኃኒቱን ብለህ ነው ወይስ ወንድነትህን?»

ኡበይድ ቋጠሮውን ከጠርሙሷ አጠገብ አስቀመጠ። «ሥርዓቱ ነው፣ ሂዳያ...»

«ሥርዓቱ ደፉ ላይ አለቀ። የጠየቅኩህ ሌላ ነው።»

ኡበይድ ባጃጁን አስነስቶ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ሲመጣላት ለኢንሳፍ ደወለች። ቅጠሉ ምን እንደሚመስል፣ ቀለሙን፣ ሽታውን ነገረቻት።

«ደርቆ የተፈጨ ቅጠል በስልክ አልለይልሽም» አለች ኢንሳፍ። «ስሙን የማያውቀውን ነገር እንዳይጠጣ። ሊጎዳው ይችላል። ደግሞስ ኅዳር ላይ ውጤቱ ቢሻሻል ማጨሱን በመተው ይሁን፣ በአዝሙዱ ይሁን፣ በቅጠሉ ይሁን በምን እናውቃለን?»

«ማጨሱን ተወ እንዴ?» አለች ሂዳያ።

ኢንሳፍ መልስ ከመስጠቷ በፊት መስመሩ ተቋረጠ። ሂዳያ ሳትሰማ የቀረችው መልስ ምን እንደነበር በኋላ ብትጠይቃትም፣ ኢንሳፍ «እኔም አላውቅም ልልሽ ነበር» ነው ያለቻት።

ወሬው ግን ኔትወርክ አላስፈለገውም። ረቡዕ ጠዋት የኡበይድ እናት እትየ አሚናት መጡ። ክፉ ሴት አይደሉም። ሂዳያን አቅፈው ሳሙ፤ አለቀሱላት። ከዚያ በኋላ፣ «ልጄ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ የአላህ ሥራ ነው። ኡበይድ ግን ወንድ ልጅ ነው። ይሄ ጊዜ ይለፍና ሌላ ያግባ። አንቺም ከቤትሽ አትወጪም፤ ለምትመጣው እህቷ ትሆኛለሽ» አሏት።

ኡበይድ በራፉ ላይ የባጃጁን ጎማ እየፈታ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል። ሂዳያ በእናቱ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችው። አንድ ቃል ጠበቀች። ኡበይድ ወደ ጎማው ጎንበስ አለ።

እናቱ ከሄዱ በኋላ ሂዳያ አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። ከማዳበሪያው ጤፉን እየሰፈረች፣ «ዱቄት አልቋል» አለችው። «እኔ ወፍጮ ቤት አልሄድም። እነዚያ ሴቶች መሀል ወረፋ አልቆምም። ኬላ ላይ አንዴ ቆሜልሃለሁ። ነገ አንተ ትሄዳለህ። ከዚያ በኋላ እናትህ ያሉትን እንነጋገራለን፤ እኔም ወደ አባቴ ቤት የምሄድበትን ቀን እነግርሃለሁ።»

በማግስቱ ሐሙስ ኡበይድ ጤፉን ባጃጁ ላይ ጭኖ ሄደ። ዱቄቱን ይዞ ሲመለስ ሂዳያ አላናገረችውም። ከሰዓት በኋላ ከባድ መሣሪያው ቀረበ። ኡበይድ አንዲት ተፈናቃይ ከልጆቿ ጋር መንገድ ዳር ቆማ አይቶ፣ ወደ ደሴ መንገድ ላድርሳቸው ብሎ ወጣ። ሴትየዋና ልጆቿ ደርሰዋል። ባጃጇ ግን በኋላ ከመንገዱ በታች ተገልብጣ፣ የፊት መስታወቷ ረግፎ ተገኘች። ኡበይድን በዚያ አካባቢ ያሉ ሰዎች አንስተው ቀብረውታል። ሲመለስ እንደነበርና ባጃጇ ወደ ሐይቅ ዞራ መገኘቷን የቀበሩት ሰዎች ለኢንሳፍ ነግረዋታል። በምን እንደሞተና በስንት ሰዓት እንደሞተ ግን አንዱ የነገራት ከሌላው አይገጥምም። ስለዚህ እዚህ አልተጻፈም።

የቅጠሉ ቋጠሮም ምንነቱ አልታወቀም። ጠርሙሷን የተዋት ዘራፊ እሱን ወስዶታል፤ እንደዚያ እንደ ጠባቂው ሐሺሽ መስሎት ይሆናል። ኡበይድ ማጨሱን በእርግጥ ትቶ እንደነበር የሚመሰክር ሰውም አልተገኘም። ሂዳያ ስትሰደድ ይዛው የወጣችውን ጃኬቱን አሁንም ታሸታለች። አዝሙድ ይሸታል።

አንድ ነገር ግን ታውቃለች። የነገረቻት ጎረቤቷ መስኡዳ ናት፤ ደብረ ብርሃን፣ የተፈናቃይ መጠለያ ውስጥ፣ ሁለቱም በአንድ ብርድ ልብስ ሥር ተቀምጠው ሳሉ።

ያን ሐሙስ ጠዋት መብራት ስለሌለ በነዳጅ የሚሠራው አንዱ ወፍጮ ብቻ ነበር የሚፈጨው። ወረፋው ደጅ ድረስ ወጥቷል፤ ሁሉም ሴት ነው። ኡበይድ ማዳበሪያውን ተሸክሞ ሲገባ ሳቅ ሆነ።

«ኧረ ኡበይድ!» አለችው መስኡዳ። «ሂዳያ ምን ሆና ነው? መድኃኒቱ ሠራና አረገዘች እንዴ?»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ኡበይድ ማዳበሪያውን አወረደ።

«ሂዳያ ደህና ናት!» አለ። «ጉድለቱ የኔ ነው!»

ወፍጮው ይጮሃል፤ ማንም አልሰማውም። ባለወፍጮው ጆሮውን ይዞ፣ «ምን ጎደለ? እህሉ ነው?» አለ።

«እህሉ አይደለም! እኔ ነኝ!»

«ምን?»

ባለወፍጮው ግራ ሲገባው ሞተሩን አጠፋው። ቤቱ በአንዴ ጸጥ አለ። ዱቄት የለበሱት ሴቶች ሁሉ ዞረው ኡበይድን አዩት። አሁን ማንሾካሾክም አይቻልም።

«ደሴ ሄደን ተመርምረናል» አለ ኡበይድ። «እሷ ምንም የለባትም። እኔ ነኝ። ያጨስኩት ነገር ነው የጎዳኝ። መድኃኒቱም የኔ ነው። ኬላ ላይ የተናገረችው እኔን ለማውጣት ነው፤ እኔም ዝም ብየ አስፈረድኩባት። ለእናቴም ዛሬ ማታ እነግራታለሁ። እናንተ ግን ቀድማችሁኝ እንደምትነግሩልኝ አውቃለሁ።»

ማንም አልሳቀም። መስኡዳ ከወረፋው ወጣ ብላ፣ «ና፣ ከፊቴ ግባ» አለችው።

«ወረፋየን እጠብቃለሁ» አለ።

ሞተሩ እንደገና ተነሳ። ኡበይድ ከሴቶቹ መሀል ቆሞ ጠበቀ። ተራው ሲደርስ ጤፉን ራሱ ወፍጮው አፍ ላይ ገለበጠ፤ ዱቄቱ ሲወርድ በጣቶቹ እያሸ አየው። «ሻከር ብሏል፤ እሷ የላመ ነው የምትወደው» ብሎ እንደገና አስፈጨው። ማዳበሪያውን አፉን በሲባጎ አሰረና ቅንድቡ ነጭ እንደሆነ ባጃጁ ላይ ጫነው። ቤት ሲደርስ ሂዳያ ቀና ብላ አላየችውም። ደፉን ተሻግሮ ዱቄቱን ከእንስራው አጠገብ፣ እርጥበት በማያገኘው በኩል፣ ከጣውላው ላይ አስቀመጠው።

«ልሟል» አላት። «እጅሽን ከተሽ እይው።»